ስንዴው ውስጥ የጮኸው ስልክ

በእኔ ቤት በበዓል ቀን ምሳ ከተበላ በኋላ ማንም ተነስቶ አይሄድም። ሁሉም በተራው አንድ ታሪክ ይናገራል። ልማዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሕጉንም ያወጣሁት እኔው ነኝ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ያየኸውን እንጂ የሰማኸውን አትናገር። የሰፈር ሐሜት፣ ከስልክ ላይ የተለቀመ ቀልድ፣ «እንትና እንዳለው» የሚባል ነገር ገበታዬ ላይ አይነሳም። ከገዛ ኑሯችን፣ በዓይን የታየ ነገር ብቻ። አንዱ ለማሳመር ትንሽ ከጨመረ ጣቴን አነሳና «አይተሃል?» እላለሁ። ጅቡ በራችን ላይ ቆሞ ነበር ካለኝ፣ «አይተኸዋል ወይስ ድምፁን ነው የሰማኸው?» ድምፁን ከሆነ የሰማው፣ ድምፁን ሰማሁ ይበል።

ልጆቼ በዚህ ይቀልዱብኛል። ታናሽ እህቱ «ራበኝ» ስትለው ወንዱ ልጄ ጣቱን አንስቶ «አይተሻል?» ይላታል። እሰማና እተዋቸዋለሁ። ቢቀልዱም ትምህርቱ ገብቷቸዋል ማለት ነው፣ እል ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ተወልጄ ባደግኩባት ሁሩታ አባታችን ሲሞት ደብተሬን አስቀምጬ መኪና ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ ረዳት ነበርኩ፣ በኋላ የከባድ መኪና ሾፌር ሆንኩ። የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ጋቢና ውስጥ ነው። ጅቡቲ ጭነት ስንጠብቅ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ለማራገፍ ተራ ስንይዝ፣ ሌላው ካርታ ሲጫወት ወይም ጫት ሲቅም እኔ እጄ የገባውን መጽሐፍ አነባለሁ። ብቻውን የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው። ሲሳሳት የሚያርመው ስለሌለ ማስረጃ ይወዳል። ልጆቼንም እንደዚያው አሳደግኳቸው። በዚህ ቤት ውሸት ከሌብነት ይብሳል፤ ሌባ ዕቃህን ነው የሚወስደው፣ ውሸታም ግን የምትቆምበትን መሬት ነው የሚወስድብህ፤ እያልኩ አስተምር ነበር።

ከመካከላችን ተራዋ ሲደርስ የማትናገረው ባለቤቴ ብቻ ናት። «እኔ ምን አይቼ! ስሄድ ስመጣ ወጥ ቤት ነኝ» ትልና ሳህን መሰብሰብ ትጀምራለች። ትሕትና ይመስለኝ ነበር። ለሴቶች ልጆቼም «እናታችሁን እዩ፤ ያላየችውን አትናገርም» ብዬ አውቃለሁ። አሁን ይህን ስጽፍ ያመኛል።

ከዚህ በፊት የሆነውን ልናገር፤ አለበለዚያ የፋሲካው ቀን ነገር ለሰው አይገባም።

እናቴ ያረፈችው ሁሩታ፣ ወንድሜ ቤት ነው። አንድ ወንድም ብቻ ነው ያለኝ፤ ታናሼ ነው። እኔ መንገድ ለመንገድ ስኖር እሱ የአባታችንን እርሻ ይዞ እናታችንን ጦሯል። የስንዴ አጨዳ ያለቀበት ሰሞን ነበር። እኔ ከጅቡቲ ጭኜ ስመለስ ሚሌ ደርሼ ነበር። ከሚሌ ለወንድሜ ደወልኩ፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ። ደክሞኝ ተውኩት። በኋላ ባለቤቴን በስልክ ሳገኛት «ሁሉ ሰላም ነው፤ አንተ ብቻ ቀስ ብለህ ንዳ» አለችኝ።

ጭነቴን ሞጆ አራግፌ አዳማ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ በሩን ከፈተችልኝ። እራት አቀረበች፤ በላሁ። ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ። አንድ አይሱዙ ላይ ስለተጫነች ግመል አወራኋት፤ አንገቷን አውጥታ እንደ ተሳፋሪ መንገዱን ታይ ነበር። ሳቀች። ተኛሁ። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የዕድራችን ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ዞር ብዬ ባለቤቴን ሳያት ጥቁር ለብሳለች። ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ ተቀብራ ነበር።

በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። እኔም ጎህ ሲቀድ የሰው በር አንኳኩቻለሁ። ነገር ግን መርዶ ማቆየት አንድ ነገር ነው፤ ልጅ ሳይደርስ እናቱን መቅበር ሌላ ነገር ነው። ሁሩታ ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ፣ አልቅሼ ሳበቃ፣ በሰው ፊት ጠየቅኩ።

«ማነው አይነገረው ያለው? ማነው ሳይደርስ ትቀበር ያለው?»

ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። ወንድሜ ከሰው መሃል ወጣ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለኝ።

«አንተን ብቻ ነው የወለደችው?»

መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«እንግዲያው ብቻህን እንደተወለድክ ኑር» አልኩት። ተዝካሯን እንኳ ለብቻዬ አዳማ አወጣሁ። ከዚያ ወዲያ የእናቴን ደጅ አልረገጥኩም። ባለቤቴ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው ብዬ አልወቀስኳትም። የወንድሜ ነገር ገበታ ላይ እንዳይነሳ ለቤተሰቡ ተናገርኩ። አላነሱም። መታዘዛቸው ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አይገባኝም ነበር። ቤት ውስጥ የአንዱ ስልክ በጠፋ ቁጥር ልጆቹ «ስንዴው ውስጥ ፈልገው!» ይባባላሉ፤ ይንከተከታሉ። አዲስ የመጣ የአራዳ ቋንቋ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ልጆች በየወሩ አዲስ ቃል ያመጣሉ።

ያለፈው ፋሲካ ትልቋ ልጄ ከባሏ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን የዋለችበት ነው። ከጾሙ በፊት ነው የተጋቡት። አማቼ ጨዋ ልጅ ነው፤ «አባባ» ይለኛል፣ ከመቀመጫው ሳይነሳ አያናግረኝም። ዶሮው ተበላ፣ ድፎው ተቆረሰ፤ የታሪኩ ተራ መጣ። ወንዱ ልጄ ሞጆ ስለሚሠራ የወደቡን ነገር አመጣ። ተራ ሲጠብቅ እንቅልፍ የወሰደው ሾፌር ሲነቃ ከፊቱ የነበሩት መኪኖች በሙሉ ሄደው፣ የኋላዎቹ ደግሞ እሱን አክብረው ቆመው አገኘ። «አይተሃል?» አልኩት። «በዚህ ዓይኔ፣ አባባ! እርስዎ ቢያዩት ይቀጡት ነበር» አለኝ። ተሳቀ።

«የኔ ተራ!» አለች ትንሿ ልጄ። ከልጆቼ ሁሉ «አንተ» የምትለኝ እሷ ብቻ ናት፤ መጨረሻ ስለሆነች ተሸንፌላት ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። «የሚያስቅ ነው። ያየሁት ነው አባዬ፣ ጣትህን አስቀምጥ።»

«ቀጥይ።»

«ትንሽ ልጅ ነኝ፤ የወለቀው የፊት ጥርሴ ገና አልበቀለም። ስንዴው የተቆለለበት ክፍል በር ላይ ተቀምጫለሁ። እማዬና አጎቴ እየተጨቃጨቁ ገቡ። ስልኩ አጎቴ እጅ ነው። እማዬ ስጠኝ ትለዋለች፤ እሱ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይይዘዋል። ቁመቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ! እማዬ ዘልላ ነጠቀችው። ከዚያ የምትደብቅበት ስታጣ—»

አማቼ ሳቀ። ገና ሳትጨርስ ሳቀ።

እሷም እየሳቀች ቀጠለች። «ስንዴው ውስጥ ቀበረችው! ደረቷን ነፍታ ቆመች። ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቷል። ወዲያው ስልኩ ስንዴው ውስጥ መጮህ ጀመረ! አንዲት ባልቴት በሩ ላይ ቆመው ‹ኧረ በስመ አብ፣ ስንዴው ጮኸ!› ብለው አማተቡ። አጎቴ ክንዱን ስንዴው ውስጥ ሰዶ ይፈልጋል፤ እማዬ ቀበቶውን ይዛ ወደ ኋላ ትጎትተዋለች፤ ስልኩ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጮኻል…»

እጇን አየር ላይ እንደዘረጋች ቀረች። ዓይኗ ከዓይኔ ጋር ተገናኘ። ያን ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለተናገረችው፣ ብዙ ጊዜ ስለሳቁላት፣ ሰምቼው የማላውቅ ሰው እኔ ብቻ መሆኔን ረስታለች።

ትልቋ ልጄ አንገቷን ደፋች። ወንዱ ልጄ የዳቦ ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ በጣቱ መሰብሰብ ጀመረ።

«አይተሻል?» አልኳት።

የሳቀ የለም።

«አይቻለሁ» አለች።

«የሚደውለው ማን ነበር?»

«አባዬ…»

«ማን ነበር?»

«አንተ።»

ከሚሌ የደወልኩት፣ የተጠራውና ያልተነሳው ስልክ ትዝ አለኝ። ወንድሜ ሆን ብሎ ነው ያላነሳው ብዬ ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው የኖርኩት ስልክ።

«አጎትሽ ስልኩን ለምን ነበር የሚፈልገው?»

ልጄ ወደ እናቷ ዞረች። ባለቤቴ ሳህን እየሰበሰበች ነበር። አስቀመጠችው።

«ሊደውልልህ ነው» አለች። «‹ጋሼ ይምጣ፤ እሱ እስኪደርስ እናቆያት› አለ። አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ። አይነገረውም ያልኩትም እኔ ነኝ። ልጅቷን ተዋት።»

አማቼ ቀስ ብሎ ሊነሳ ሲል «ተቀመጥ» አልኩት። «አንተም ቀድመህ ስቀሃል። የት ሰማኸው?»

ልጁ ወደ ሚስቱ አየና መዋሸት አቃተው። «ሁሩታ ነው አባባ። ለሠርጉ ምርቃት ሄደን…» አለ።

ከገበታው ተነስቼ ወጣሁ። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ግቢው ውስጥ እያንከባለለው ነበር። አሮጌ የመኪና ጎማ ወንበር ሆኖ የተቀመጠበት ጥግ አለን፤ እዚያ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ተከትላኝ መጣችና ፊት ለፊቴ ቆመች። አልተቀመጠችም።

«ተናገሪ» አልኳት።

«ምን ልናገር? ሰምተሃል።»

«ለምን?»

«ከማዶ ያለችውን ሴት አታውቃትም? ባሏ መንገድ ላይ ሆኖ አባትህ ሞቱ ብለው በስልክ ነገሩት። አዋሽን ሳያልፍ ተገለበጠ። እናትህን ቀብሬ አንተንም ልቅበር?»

«እኔ መቼ ተገልብጬ አውቃለሁ?»

«የተገለበጡት ሁሉ ከመገልበጣቸው በፊት እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«እሺ፣ ያኔ ፈራሽ። መንገዱን ጨርሼ ቤቴ ከገባሁ በኋላስ? ድንኳን ውስጥ ስጠይቅ አጠገቤ ነበርሽ።»

«አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ።»

«ዘጋሽው እንጂ!»

«ዘጋሁት» አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር። «ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ። ነገ ሲሆን አንተ ገበታው ላይ ተቀምጠህ ስለ እውነት ታስተምራለህ። አንተ ስለ እውነት ስታስተምር ማን ደፍሮ እውነት ይነግርሃል?»

ሰው ፊት መቆም የሚከብድ ስለሆነ ከጀርባው መዞር ይፈቀዳል ከተባለ፣ በዓለም ላይ ውሸት የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። ይህንንም ነገርኳት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የገዛ ቤቴን እንደ አዲስ ተከራይ ዞርኩት። የማውቀው ነገር ሁሉ ሌላ ሆነብኝ። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ማኅበር አለብኝ እያለች የምትሄደው ሁሩታ ነበር። ወንዱ ልጄ «ጓደኛዬ ቤት እያጠናሁ ነው» ያለባቸው ቀናት፣ አጎቱ ዘንድ አጨዳ የዋለባቸው ናቸው። አንድ ጊዜ መዳፉ ተልጦ መጥቶ ነበር፤ ኳስ ስጫወት ወደቅኩ አለኝ፤ እኔ ራሴ አልኮል አደረግኩለት። ከሁሉ ከሁሉ ስንዴው ነው ያቃጠለኝ። ለበዓሉ ድፎ የሚደፋው ስንዴ ከገበያ የተገዛ ይመስለኝ ነበር፤ «ዘንድሮ ጥሩ ስንዴ አገኘሽ» ብዬ አመስግኛት አውቃለሁ። የወንድሜ ነበር። በየበዓሉ በገዛ እጄ እየቆረስኩ፣ እየመረቅኩ፣ እየበላሁ፣ ወንድም የለኝም እል ነበር።

ሌባ አጋጥሞኝ ያውቃል። ናፍጣ ሰርቀውኛል፣ ጎማ ሰርቀውኛል። የሰረቀኝን ሰው መጥላት ቀላል ነው። እነዚህ ግን ስለሚወዱኝ ነው የሰረቁኝ። ይህንን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። ልጆቼን ተራ በተራ ጠየቅኳቸው። ትልቋ «አባባ፣ እርስዎን ላለማጣት ነው» አለችኝ። ወንዱ «አጎታችንንም ላለማጣት» አለ። ትንሿ ክፍሏን ዘግታ ከረመች። ከሁሉም የራራሁላት ለእሷ ነው። እሷ ብቻ ናት ሕጌን አክብራ ያየችውን የተናገረችው።

ሰኔ ሲገባ አንድ ጠዋት ለማንም ሳልናገር መናኸሪያ ሄጄ የሁሩታ መኪና ተሳፈርኩ። ስንት ዘመን ነጂ ሆኜ የኖርኩ ሰው ከኋላ ተጠቅጥቄ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የምሄደው። ምን እንደምል መንገዱን ሙሉ ስደርድር ቆየሁ። አንተ አልበደልክም፤ ያልበደለ ሰው ላይ ፈርጃለሁ፤ እላለሁ ብዬ።

ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ ቤቱ ስገባ የጥንቱ ጎረቤታችን፣ አሁን የሸመገሉት፣ አጥራቸው ላይ ቆመው ነበር። «አከም ጅርታ?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቁኝ። «ፈያ» አልኩ። ትኩር ብለው አዩኝና ወደ አማርኛ ተመለሱ። «አንተ ነህ? ልጆችህ እኮ ገና ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ነበሩ። ምነው አብረህ አልመጣህም?»

ወንድሜ ግቢው ውስጥ የማረሻ እንጨት ሲጠርብ አገኘሁት። ፀጉሩ ሸብቷል። መጥረቢያውን አስቀመጠና ቆመ።

«ጋሼ» አለኝ።

ወደ ውስጥ አስገባኝ። የእናታችን ቤት ነው፤ ምሰሶዎቹን አውቃቸዋለሁ። ግድግዳው ግን የልጆቼ ነው። ትልቋ ልጄ የምርቃት ጋዎኗን ለብሳ፣ አጎቷ መሃል፣ እናቷ በግራ፣ ወንድምና እህቷ በቀኝ። ተመሳሳይ ፎቶ አዳማ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል፤ እዚያኛው ላይ መሃል የቆምኩት እኔ ነኝ። ጋዎኑን ለመመለስ አንድ ቀን ዘግይታ ነበር፤ ለምን እንደዘገየች አሁን አወቅኩ። ያው ጋዎን፣ ያው ሳቅ። እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ እሱ ቆሟል።

መንገዱን ሙሉ የደረደርኩትን ቃል ተውኩት።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አልኩት።

«ባትጠይቅ አልዋሽም ነበር።»

«ቀልዱን ተወው።»

«እየቀለድኩ አይደለም። ብትተወኝ እርሻዬ አለኝ። ሚስትህን ብትተዋት ልጆቹ የት ይገባሉ?»

«እሷን የምተዋት ይመስልሃል?»

ትክ ብሎ አየኝ። «ያን ቀን ፊትህን አንተ አላየኸውም፤ እኔ ነኝ ያየሁት» አለኝ።

በገዛ ሕጌ ያዘኝ። ወደ ፎቶው ዞርኩ።

«ልጆቼን ወሰድክ።»

«መጡ። ኑ አላልኳቸውም። ሲመጡ ግን ሂዱ አላልኩም። አንተስ ብትሆን የወንድምህን ልጆች ከደጅ ትመልስ ነበር?»

እርጎ አቀረበልኝ፤ ጠጣሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራን። ልሸኝህ ብሎ አስፋልቱ ድረስ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ለምን ነበር የደወልከው? ሁሌም ይከነክነኛል። እናታችን መሞቷን ሰምተህ ነው እንዳልል፣ አልሰማህም።»

አልነገርኩትም። «በመስቀል ና፤ ገበታው ላይ ትቀመጣለህ» አልኩትና መኪናው ውስጥ ገባሁ። ይቅርታውን አልጠየቅኩም። ይህንን ያፈርኩበት ነገር ስለሆነ ነው የምጽፈው።

አዳማ ስገባ ባለቤቴ ከየት እንደመጣሁ ከጫማዬ ጭቃ አወቀች። ጥቁር ጭቃ ነው፤ አዳማ እንደዚያ ያለ አፈር የለም። ስንት ዓመት እሷ ከጫማዋ እየጠረገች የገባችው ጭቃ።

«በመስቀል ይመጣል» አልኳት። «ተራሽ ሲደርስ ወጥ ቤት ነበርኩ አትይም። ያየሽውን ትናገሪያለሽ፤ ከመጀመሪያው ጀምረሽ።»

«እሺ» አለች።

ይቅር ተባብለን ተሳሳምን ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ አንባቢም ይወደዋል። ያላየሁትን ግን አልጽፍም። ያ ክረምት በቤታችን ብዙ ያልተወራበት ክረምት ነው። ባለቤቴ «ገበያ ሄጃለሁ» ስትለኝ አንዳንዴ ዘንቢሉን አያለሁ። እንደዚህ ያለ ሰው መሆን ያስጠላል። ከሚስቴ የተወሰደብኝ ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ሳላጣራ ማመን።

በመስቀል ወንድሜ መጣ። በጆንያ ስንዴ ተሸክሞ፣ በዋናው በር ገባ። ከበላን በኋላ ወንዱ ልጄ ተናገረ፣ ትልቋ ተናገረች። ትንሿ «እኔ ይለፈኝ» አለች። አማቼ እንኳ የተናገረው ስለ ዝናብ ነው። የባለቤቴ ተራ ደረሰ። እጇ ወደ ሳህኑ ሄደና ተመለሰ።

ከመጀመሪያው ጀመረች። እናቴ ጎህ ሲቀድ ውኃ መጠየቋን፣ ወንድሜ ማልቀሱን፣ ስልኩን፣ ስንዴውን። የሳቀ የለም። ከዚያ ወደ አዳማ ተመልሳ፣ ጥቁሩን አውልቃ አበባ ያለበትን ቀሚስ እንደለበሰች ተናገረች። «እራቱን ሲበላ አየሁት» አለች። «ስለ ግመሏ ሲያወራኝ ሳቅኩ። ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ስልኩ ስንዴው ውስጥ ሲጮህ ግን ከወዲያኛው ወገን ምን እንደነበረ አላየሁም። እሱን የሚያውቀው እሱ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ተራዬ ነበር።

«ሚሌ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነበር» አልኩ። «ሻሽ ልገዛላት ነበር። ሰማያዊና አረንጓዴ አለ። የቱን እንደምትወድ አላወቅኩም። እናቴ ናት፣ የምትወደውን ቀለም አላወቅኩም። እሱን ልጠይቅ ነው የደወልኩት። አላነሳም። ሻጩ ‹ኧረ ወስን እንጂ ሾፌር፣ ለሚስት ነው ለእናት?› እያለ ይቀልድብኛል። ደጋግሜ ደወልኩ። በመጨረሻ ሰማያዊውን ገዛሁ። እንደ ውድ ዕቃ ተጠንቅቄ አጥፌ አስቀመጥኩት። እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።»

ባለቤቴ ስለ ሻሹ አታውቅም ነበር። ለካ እኔም ያልነገርኳት ነበረኝ።

ወንድሜ ጉልበቱን እያሻሸ ቆየ።

«አረንጓዴ ነው ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «የምትወደው አረንጓዴ ነበር።»

ጣቴ ብቻውን ተነሳ።

«አይተሃል?»

«አይቻለሁ» አለኝ። «አረንጓዴ አስረን ነው የቀበርናት።»